የሰሌዳው ሰባት ቁጥር

እሑድ 2

ደብተሩ የስቶር ነው። ከኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ስለነበሩ ወደ ቤት አመጣሁት። የሚያናግር ሰው ሲጠፋ ከወረቀት ጋር ማውራት ነው።

የቤቱ ሁኔታ ዛሬ፦
1. ሚስቴ፦ ከጠየቅኳት ትመልሳለች። ካልጠየቅኳት ዝም።
2. ትንሿ፦ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ያንን ነገር ሰክታ ትውላለች። ዘፈን እንኳ የምትሰማበት አይመስለኝም፣ እኔን ላለመስማት ነው።
3. ትልቁ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ከቤት ከወጣ 23 ቀኑ።
4. እኔ፦ ደህና ነኝ።

ስለ 3 ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ 4

ምሳ ሰዓት፣ ስቶር ውስጥ።

የአውቶቡስ ጋራዥ ነው። የመለዋወጫውን ስቶር ከያዝኩ 22 ዓመቴ። መብራት ቢጠፋ የፈለጉትን ዕቃ በዳበሳ አወጣላቸዋለሁ።

ዛሬ መካኒኩ መጣ፣ ብሎን የምንለው። አጭር፣ ድርቅ ያለ፣ አንዴ ከጠበቀ የማይፈታ።

«ጋሼ፣ ያ ልጅህ መቼ ነው የሚጀምረው? ቱታው ሚስማር ላይ ቀረ እኮ። ሸረሪት ልትለብሰው ነው።»

«አሞት ነው» አልኩ።

«ሃያ አምስት ቀን ሙሉ?»

«አሞታል አልኩህ!»

«እሺ በቃ፣ ይማርልህ። ቀን የምትቆጥር ሰው ስለሆንክ ነው የቆጠርኩልህ።»

ቦታውን ያገኘሁለት ኃላፊውን ሦስት ጊዜ ለምኜ ነው። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት ልጁ ቀረ። ቱታውን በክንዴ ይዤ በር ላይ እስከ አራት ሰዓት ቆምኩ። ሰው እያየኝ ገባ፣ እያየኝ ወጣ። በኋላ ስሰማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ቀብር ላይ ሊዘምር ሄዶ ነው። የማትዛመደው አሮጊት ቀብር ላይ! ያን ቀን ማታ ነው የሆነው የሆነው።

ሐሙስ 6

ከምሳ ዕቃዎቹ ሁለቱ የሉም። ስድስት ነበሩ፣ አራት ናቸው። ሚስቴን ጠየቅኳት፣ «ይኖራሉ» አለች። ቢኖሩማ ይታዩ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እህቷ ጋ ትሄዳለች፣ እዛ ረስታቸው ይሆናል። ዕቃ ሳይመዘገብ የሚወጣበት ቤት ቤት አይደለም።

ዓርብ 7

የሱን መሳቢያ ከፈትኩ። የተገኘ፦
– የቆመ የእጅ ሰዓት 1
– የኔ ሜትር 1 (ስፈልገው የከረምኩት)
– የቤተ ክርስቲያን ወረቀት 1

ሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል። ከታች «ማንም ይምጣ» ይላል። አሾፍበት የነበረው በዚህ ነው። «ማንም የሚመጣበት ቤት ጣቢያ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» እለው ነበር።

ያለበትን እነሱ ያውቃሉ። ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ጠይቄ እወጣለሁ። የምለው፦ (1) ጤና ይስጥልኝ። (2) የሱ አባት ነኝ። (3) የት ነው ያለው? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እሑድ 9

ለሚስቴ «ቆጠራ አለብን» ብዬ ወጣሁ።

ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ነው። ነጭ ቀለሙ ከታች በኩል በጭቃ የተረጨ፣ ብዙም ትልቅ ያልሆነ ቤት። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ቆመዋል፣ በገመድ አንገታቸው ላይ አሥር የሚሆን ቁልፍ አንጠልጥለዋል። (1)ን ከማለቴ በፊት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ! እጅህ በረዶ ሆኗል። ግባ፣ ግባ፣ አዲስ ነህ አይደል?»

«አይ፣ እኔ እንኳ አንድ ነገር ለመጠየቅ...»

«ከሻይ በኋላ ትጠይቀኛለህ። አሁን ሊጀመር ነው።»

ሳላውቀው አራተኛው ረድፍ፣ ምሰሶው ጥግ ተቀምጬ መጽሐፍ ይዣለሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ተነስቶ ኃጢአቱን ይናዘዛል። ግን ለየብቻ አይደለም፣ አንድ ላይ ነው። በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ በድለናል ይላሉ፣ ፓስተሩም ጭምር። እኔም አልኩ። አንድ ላይ ሲባል የማንም ድምፅ ተለይቶ አይሰማም። ይሄ ነገር ተመቸኝ።

ከስብከቱ በኋላ ደሞ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። 14 ሰው ጨበጠኝ። ሥራ ቦታ እጅ የሚዘረጋልኝ ዕቃ ለመቀበል ብቻ ነው፤ እነዚህ ባዶ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ባዶ እጄን ጨብጠው ሄዱ። እንባዬ መጣ። አቧራ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

ሻይ ላይ አሮጊቷ መጡ። «እማማ ቁልፍ በለኝ፣ ሁሉም የሚለኝ እንደሱ ነው። ሥራህ ምንድነው?»

«ስቶር ኪፐር ነኝ።»

«ጎሽ። ልጆችስ አሉህ?»

«አንድ። ሴት ልጅ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። (2)ን ብል ያ ሁሉ የጨበጠኝ እጅ ተመልሶ ኪስ ሊገባ ነው ብዬ ፈራሁ መሰለኝ። ሻዩን ጠጣሁ። ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሰኞ 10

አንድ አልኩ። አንድ።

እሑድ 16

19 ጨበጡኝ። ዛሬ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ፓስተሩ ከትልቁ ልጄ በአሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። «ጋሼ፣ ቆጠራ ያውቃሉ ሲሉ ሰማሁ» አለኝ። ግድግዳው ላይ የእንጨት ሰሌዳ አለ፣ በየሳምንቱ የሚዘመሩት አራት መዝሙሮች ቁጥር በካርድ ካርድ የሚሰቀልበት። ሕዝቡ ያንን አይቶ ነው መጽሐፉን የሚገልጠው።

«የሚሰቅል ልጅ ነበረን። ከጠፋ ወር አለፈው። እሱ ከሄደ ወዲህ አንዴ እኔ፣ አንዴ ፒያኖ ተጫዋቹ፣ ስንሳሳት ነው የምንኖረው። እርስዎ ቢይዙልን?»

ልጅ ነበረን አለ። ማን እንደሆነ ገባኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«እሺ» አልኩ።

ረቡዕ 19

ከሥራ በኋላ ሄጄ ካርዶቹን ቆጠርኩ። እማማ ቁልፍ ከፈቱልኝ። በጫማ ሳጥን ውስጥ ተዘበራርቀው ነበር፣ አሁን በየቁጥራቸው አስሬያቸዋለሁ፦
0 – 4
1 – 6
2 – 5
3 – 4
4 – 4
5 – 4
6 – 7 (ሲገለበጥ 9 ነው፣ ጥንቃቄ)
7 – 3
8 – 4

ከ7ቶቹ አንዱ ከካርቶን ተቆርጦ በእጅ የተጻፈ ነው። አንዱ ጠፍቶ ሲተኩት መሆን አለበት። ወገቡ ላይ ሰረዝ አለበት።

ሰባት ሲጻፍ ወገቡ ላይ ሰረዝ ይደረጋል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ስቶር ይዤው ሄጄ። «ከአንድ ጋር እንዳይምታታ» አልኩት። «ቢምታታ ምን ይሆናል?» አለኝ። «ሰባት ሰው የሚጠብቀውን ዕቃ ለአንድ ሰው ትሰጣለህ» አልኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ወረቀት ሙሉ ሰባት ጻፈ፣ ምላሱን አውጥቶ።

እማማ ቁልፍ «ምነው ቆየህ?» አሉኝ። «እየቆጠርኩ ነው» አልኩ።

እሑድ 23

ጉድ ፈላ ዛሬ። የሕፃን ጥምቀት ነበር። ፓስተሩ የሰጠኝ ቁጥር 14፣ 206፣ 88፣ 131። 206 የጥምቀት መዝሙር ነው። እኔ ጥንቃቄ ብዬ የጻፍኩት ሰውዬ፣ 6ቷን ገልብጬ 209 ሰቀልኩ። 209 የቀብር ነው።

አባትና እናት ሕፃኑን ታቅፈው ከፊት ቆመዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ሰሌዳውን አየና ጀመረ። ሕዝቡ ስለ መቃብር ይዘምራል። የሕፃኑ አያት ሳቅ አመለጣቸው። ግን ማንም አላቋረጠም። እስከ መጨረሻው ዘመሩት።

ፓስተሩ ወጥቶ፦ «ጳውሎስ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተቀበርን ይላል። ይሄን ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ጋሼ በአንድ ካርድ ጨረሱልኝ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሕፃኑ እናት መጥታ ጨበጠችኝ። «ቀብሩን ቀድሞ ጨረሰ፣ ከእንግዲህ መኖር ነው» አለችኝ።

ማንም አልተቆጣኝም። ጋራዥ ቢሆን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ቤቴ ቢሆን... ቤቴ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ሻይ ላይ እማማ ቁልፍ አጠገቤ ተቀመጡ። «209ን ለመጨረሻ ጊዜ የዘመርነው ቀባሪ ያልነበራት እህታችንን ስንሸኝ ነው። አራት ሰው ነበርን። ያ ቁጥር ሰቃዩ ልጅ ባይመጣ ድምፅ የሚያወጣ አልነበረም። ዛሬ ሥራ መጀመሪያዬ ነው፣ አባቴ ይጠብቀኛል፣ ግን ብቻዋን አትሄድም አለኝ። ጨርሶ እየሮጠ ነው የሄደው።»

ሦስት ሰዓት ላይ ነው የቀበሯት። እኔ ያን ሰዓት ቱታ ይዤ ቆሜ ነበር። እሱ ይዘምር ነበር። ከዛ ወደ እኔ ሲሮጥ ነበር። በር ላይ ሲደርስ እኔ ገብቻለሁ፣ ዘበኛውን «አታስገባው» ብዬ።

ማክሰኞ 25

ኮምፒውተር ይገባል። ሁለት ልጆች ስቶሩን ሊረከቡ ነው። እኔ ወደ በር፣ የሚገባና የሚወጣ መኪና ልጽፍ። ኃላፊው «ዕረፍት ነው ለርስዎ» አለ። ከመደርደሪያው ጀርባ እንዳለሁ ሳያውቅ ደሞ ለሌላው «ሰውየው ራሱ የድሮ የስቶር ካርድ ሆኗል» ሲል ሰማሁት።

ምንም አልተሰማኝም። እሑድን አሰብኩ።

እሑድ 30

27 ጨበጡኝ። የመዝሙር መጻሕፍቱን መደርደሪያ አስተካክያለሁ፣ የተቀደዱትን ለይቻለሁ፣ ምሰሶው ጥግ ሰው ሊቀመጥ ሲል «የጋሼ ቦታ ነው» ብለው አስነሱልኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቦታህ ነው የተባልኩት ዛሬ ነው።

ደስ ብሎኝ ሻይ ልወስድ ሄድኩ። የመዘምራኑ መሪ፣ አፏ የማያርፍ ቀጭን ሴት፣ ታወራለች።

«ያንን ቁጥር ሰቃይ ልጅ አባቱ እኮ ነው ያባረረው! ዕቃውን በፎርም አስፈርሞ!»

«የምን ፎርም?»

«የስቶር ምናምን። ሱሪ ይሄን ያህል፣ ካልሲ ይሄን ያህል ጥንድ፣ ተረካቢ ፊርማ። ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ከመጥፋቱ በፊት። እየሳቀ ነገረኝ፣ ከዛ አለቀሰ።»

«በስመአብ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎም ወላጅ ነዎት፣ እስቲ ይፍረዱ።»

ሁሉም አየኝ።

«ድንጋይ ነው» አልኩ። «ሰው አይደለም፣ ድንጋይ ነው።»

እማማ ቁልፍ ሻዬን ተቀብለው ስኳር ጨመሩበት፣ ሁለት ማንኪያ። ስኳር እንደማልወስድ ያውቃሉ። ሁለት የሚወስደው እሱ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ

ልጻፈው እንግዲህ። ሌላ ቦታ የምናገረው አይደለም።

ያን ቀን ማታ መጣ፣ ሊያስረዳኝ ፈለገ። አላሰማሁትም። የወጪ ዕቃ ፎርም ከቦርሳዬ አወጣሁ። ካርቦን አስገባሁበት። እየቆጠርኩ ጻፍኩ፦ ሱሪ 3። ሸሚዝ 5። ካልሲ 6 ጥንድ። ጫማ 2 ጥንድ። ብርድ ልብስ 1። የመዝሙር መጽሐፍ 1። አስረካቢ፣ እኔ። «ፈርመህ ውጣ» አልኩት። ሚስቴ ኩሽና በር ላይ ቆማለች። ትንሿ «አባዬ፣ በናትህ» ትላለች።

ፎርሙን ሲያይ ይደነግጣል፣ እግሬ ላይ ይወድቃል ብዬ ነው። የወለደ አንጀት እንዴት ይጨክናል፣ ላስፈራራው ብዬ ነው እንጂ። እሱ ግን አየኝና «እስክሪብቶ ስጠኝ» አለ።

ሰጠሁት።

ነጩን ወረቀት ይዞ ሄደ። ሮዙ ኮፒ እኔ ጋ ነው።

ሐሙስ 4

አዲስ ወር። ጠዋት ምሳ ዕቃዎቹ ስድስት ነበሩ፣ ሁለቱ ታጥበው ተመልሰዋል። ማታ ስቆጥር አራት። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ የምሳ ዕቃ ዘበኛ ሆንክብኝ» አለች። ትንሿ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። ብቻ ሳቅ ነው፣ ከርሞ የተሰማ ሳቅ።

እሑድ 7

ለፓስተሩ የምነግርበት መንገድ፦
ሀ. ከጸሎቱ በፊት። (ሰው ይበዛል።)
ለ. ሻይ ላይ። (ቀጭኗ ሴት አለች።)
ሐ. በደብዳቤ። (ፈሪ ነው የሚሉት።)
መ. ካርድ ስሰቅል፣ ብቻችንን ስንሆን።

መ ይሻላል። ብቻችንን ሆንን። «ፓስተር» አልኩ። «አቤት ጋሼ» አለ። «131 ነው ወይስ 137?» አልኩ።

እሑድ 14

31። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፣ ይቆጠራሉ።

ፓስተሩን እንዲሁ በደፈናው ጠየቅኩት። «አንድ ሰው የማይስተካከል ነገር ቢያደርግ፣ ምን ምን ማድረግ አለበት? በቅደም ተከተል።»

ሳቀ፣ ግን በደግነት ነው። «ጋሼ፣ ጸጋ ላይ ዝርዝር የለም። የሚደረገው ተደርጓል። የሚቀረው መቀበል ነው።»

«ቢያንስ አንድ ነገር።»

«አንድም።»

ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምጽፈው? ተራ ቁጥር 1፣ ምንም?

ልወጣ ስል ቀጭኗ ሴት በደስታ እየጮኸች መጣች። ልጁን አግኝታዋለች። የእንጨት መጋዘን ውስጥ ይሸከማል፣ እዛው ያድራል። የሚመጣው እሑድ ይመጣል። «ሰሌዳው ናፍቆኛል አለኝ» አለች። እማማ ቁልፍ እኔን አዩ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ቅዳሜ 20

ነገ። የወሰንኩት፦
1. አልቀርም። ከቀረሁ መሸሽ ነው።
2. ሲገባ ቁጥር እየሰቀልኩ ያገኘኛል። ወደሱ እንደመጣሁ፣ ያሾፍኩበት ቦታ ላይ እየሠራሁ እንደሆነ ያያል። ይገባዋል። መናገር አያስፈልገኝም።
3. የሱ 7 እንዲሰቀል ከፓስተሩ ዝርዝር ውስጥ 7 ያለበት መዝሙር እንዲኖር ጠይቄ ነበር፣ 137 አለ።
4. ሸሚዝ፣ ነጩ።

ደህና የታሰበ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

እሑድ 21

መጣ። ሄደ።

ሰኞ 22

በር ላይ ነው የምሠራው ከዛሬ ጀምሮ። መኪና በማይገባበት ጊዜ እጽፋለሁ።

ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። በርጩማው ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ፣ 1 ሰቅያለሁ፣ 3 ሰቅያለሁ፣ የሱን 7 በእጄ ይዣለሁ። ከኋላዬ እማማ ቁልፍ «መጣህ ልጄ!» አሉ። ዞርኩ።

ከስቷል። ከአምስቱ ሸሚዞች ውስጥ ሰማያዊውን ነው የለበሰው። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፣ ለሳቸው የመጣ ደስታ። ከዛ አየኝ። በርጩማውን አየ። ካርዱን አየ።

«እዚህም?» አለ።

ይቺን ብቻ። አልጮኸም። ብርድ የገባው ሰው እንደሚያወራ ዓይነት ነው ያላት። ዞሮ ወጣ።

ልከተለው አልቻልኩም። በርጩማ ላይ ነበርኩ። አይ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ በርጩማው ሁለት ስንዝር ከፍታ የለውም። ብከተለው ምን ልለው ነው?

እማማ ቁልፍ መጥተው ካርዱን የያዘውን እጄን ያዙ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ያውቁ ነበር» አልኩ።

«ከሦስተኛው እሑድ ጀምሮ። በርጩማ ላይ ስትወጣ እንደሱ በግራ እግርህ ነው የምትጀምረው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ልትነግረኝ ስትመጣና ስትመለስ አይህ ነበር። ይደርሳል ብዬ።»

አልደረሰም።

ረቡዕ 24

ፓስተሩ ቤት መጣ። ሚስቴ በስሙ ጠርታ አስገባችው። ስሙን ከየት አወቀች?

«ሁሉም ሰምቷል ጋሼ» አለኝ። «ማንም የሚጠላዎት የለም። ቀጭኗ እህታችን ስታለቅስ ነው የሰነበተችው፣ ይቅርታ በልልኝ ብላለች። ቦታዎት አለ። የሁለታችሁም ቦታ አለ።»

«እኔ ካለሁ ይመጣል?»

«ይመጣ...» ብሎ ተወው። ወጣት ነው፣ መዋሸት ገና አልለመደም።

«ፓስተር፣ እኔ ቤት አለኝ። እሱን ያስወጣሁበት ቤት። ለሱ የቀረው የናንተው ቤት ብቻ ነው፣ እዛም ሄጄ በርጩማው ላይ ወጣሁበት።»

«እንደሱ አይቆጠርም ጋሼ።»

«እኔ ሌላ አቆጣጠር አላውቅም።»

ከሄደ በኋላ ሚስቴ ተቀመጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳልጠይቃት አወራች። ምሳ ዕቃዎቹ ሐሙስ ሐሙስ እንጨት መጋዘን ነው የሚሄዱት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ትንሿም ታውቃለች። የፓስተሩንም ስም ከልጁ ነው የሰማችው። እሑድ እሑድ የት እንደምሄድም ያውቁ ነበር፣ የጋራዥ ቆጠራ እሑድ እንደማይሆን ማንም ያውቃል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፎርም ታወጣብኛለህ ብዬ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልነበረም።

ቅዳሜ 27

ለእማማ ቁልፍ የሰጠሁት ርክክብ፦

የመዝሙር ሰሌዳ 1። በርጩማ 1። የካርድ ሳጥን 1፣ በውስጡ፦ 0–4፣ 1–6፣ 2–5፣ 3–4፣ 4–4፣ 5–4፣ 6–7 (ሲገለበጥ 9፣ ጥንቃቄ)፣ 7–3፣ 8–4። የመዝሙር መጽሐፍ 64፣ የተቀደዱ 9 ተለይተዋል። አስረካቢ፦ ፈርሜያለሁ። ተረካቢ፦ ______

«ይሄን ለሱ ይስጡልኝ» አልኳቸው። «እኔ ከእንግዲህ እንደማልመጣም ይንገሩት።»

«እሱ ሲመጣ አንተ ትቀራለህ፣ አንተ ስትመጣ እሱ። ምን ዓይነት ሚዛን ነው?»

«ያለኝ ሚዛን ነው እማማ።»

አላለቀሱም፣ አልመከሩኝም። በሩ ድረስ ሸኙኝ። ስወጣ አልቆለፉትም። ሁልጊዜ ይቆልፉ ነበር።

እሑድ 28

ፌርማታው ላይ ነበርኩ፣ ከፊት ለፊት። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ማን ያየዋል።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ገባ። ሰማያዊው ሸሚዝ።

ቆይተው ሚስቴና ትንሿ መጡ። ትንሿ አየችኝ። እጇን ልታነሳ ስትል ራሴን ነቀነቅኩ። ገቡ።

መዝሙሩ ሲጀመር አውቶቡስ መጣ። ተሳፈርኩ። ወዴት እንደሚሄድ አላየሁም።

የጨበጠኝ፦ 0።

ሐሙስ 2

ሌላ ወር። ሚስቴ ከእንጨት መጋዘኑ ስትመለስ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ርክክቡ ነው።

ሁሉንም ቆጥሯል። በየቁጥሩ አጠገብ ምልክት አድርጓል። ከታች፦ «7፣ ሁለት ብቻ ተረክቤያለሁ።» ፊርማ።

ሰባቷ ወገቧ ላይ ሰረዝ አላት።

ሮዙን ኮፒ አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ፊርማው አንድ ነው። ሌላ ቃል የለም፣ ጀርባውንም አየሁ።

ትክክል ነው። በ22 ዓመት ውስጥ መደርደሪያ ላይ የሌለ ዕቃ አለ ብዬ ስፈርም ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያን እሑድ በእጄ ይዣት ነበር፣ ኮት ኪሴ ውስጥ ገባች። ረስቼ ነው እንዳልል፣ ቅዳሜ ርክክቡን ስጽፍ ኪሴ ውስጥ ስነካካት ነበር።

ጎበዝ ቆጣሪ ሆኗል። ማን እንዳስተማረው አይጠየቅም።

እሑድ 5

ካርቶኗን ፖስታ ውስጥ አድርጌ ለትንሿ ሰጠኋት። «ምን ልበለው?» አለችኝ። የምትለውን ሌሊት በዝርዝር ጽፌ ነበር፣ አንድ ገጽ ተኩል። ጠዋት ቀደድኩት። «ምንም» አልኳት።

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ «አንተው አትወስድለትም?» አለች። «ይረፍዳል እንጂ አይቀርም» ብዬ ቀልጄ ላልፈው ነበር፣ ከአፌ አልወጣም። ሄዱ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። እዛ ይሄኔ ሁሉም ተነስቷል። እኔም ኩሽና ውስጥ ተነሳሁ። በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ በድያለሁ አልኩ። እዛ አንድ ላይ ሲባል ድምፄን ሰምቼው አላውቅም። ዛሬ ሰማሁት። ከሳህኖቹ ላይ እየነጠረ ይመለሳል። «ፈርመህ ውጣ» ያለው ድምፅ ነው፣ ያው ራሱ ነው፣ ሌላ ድምፅ የለኝም።

እስከ መጨረሻው ግን አልኩት። የሚቀጥለውን ክፍል፣ ይቅር ተብላችኋል የሚለውን፣ የሚለው ፓስተሩ ነው። ትንሽ ጠብቄ ተቀመጥኩ።

በስድስት ሰዓት ተመለሱ። ትንሿ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ ምንም የለም።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ስለኔ ጠየቀ?»

«አልጠየቀም አባዬ።»

«ሰባቷንስ?»

«ሰቀላት» አለች። «በርጩማው ላይ ወጥቶ ሰቀላት።»

በግራ እግሩ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ርክክቡን አወጣሁና 7 ላይ አስተካከልኩ፦ ሦስት። ከታች ቀን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ጎደሎ፦ የለም።